የፈርዖን ሠራዊት ሚስቶች

ጎባ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፰፻፹፮ ዓመተ ምሕረት

ለአባቴ ለአለቃ ኃይለየሱስ። ይህ ወረቀት አንኮበር ሲደርስ ከማኅሌት ወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ ያግኝዎ። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? እናቴ ሠርከአዲስስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ብርዱ ግን ካወሩልኝም ይብሳል። ከባቱ ተራራ የሚወርደው ጉም አንዳንድ ቀን ሳይነሳ ይመሽና ከአጥር ማዶ የሚያልፈውን ሰው በድምፁ ነው የምለየው።

ስለ ጠመንጃ የጻፉልኝን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አነበብኩላቸው። ባሩድ መጀመሪያ የተቀመመው በቻይና አገር እንደሆነና ሰዎቹ ሰማይ ላይ እያፈነዱ ይደሰቱበት እንደነበር ስነግራቸው፣ የመሣሪያ ግምጃ ቤቱ ጠባቂ ገብረ መድኅን አኮረፈ። ጠመንጃ የጨዋታ ዘር ነው መባሉን እንደ ስድብ ቆጥሮት እስከ ማታ ሲያጉረመርም ዋለ።

ይህ ሁሉ ጥያቄ ከየት መጣ ላሉኝ፣ ጥፋቱ የባለቤቴ ነው። ብዙነህ ለጓደኞቹ የሚስቴ አባት ኢየሩሳሌም ደርሶ፣ የፈርዖንን አገር ምስርን አይቶ የተመለሰ ሰው ነው፣ የማያውቀው የለም ብሎ ጉራውን ነዛ። ይኸው አሁን የሰፈሩ ሰው የዓለምን ነገር ከኔ ይጠይቃል፣ እኔ ደግሞ ከእርስዎ። የገብረ መድኅን ሚስት ማሚቱ ሴት የነገሠችበት አገር ዛሬም አለ ወይ ብላለች። አንዱ ወታደር ደግሞ የኖኅ ውሃ ባቱን ሸፍኖት ነበር ወይ ይላል። ለሁሉም መልስ ይላኩልኝና ከመወቀስ ያውጡኝ።

ማን አለሽ ብለው ለጠየቁኝ፣ ብዙነህ ከመስቀል ማግስት ጀምሮ የለም። ከጓደኛው ከበየነ ጋር ጎሮን አልፎ ወደ ቆላው ከሚወርደው ጦር ተመድቦ ሄዷል። ለጥምቀት እደርሳለሁ ብሎኛል። ከዚያ ፈቃድ ለምኖ ፋሲካን አንኮበር እናንተ ዘንድ ልንውል ነው። አባቴ፣ ይህችን ቀን እንዴት እንደምጠብቃት ለመናገር አፍራለሁ። ቤቱ አዲስ ነው፣ የጥዱ እንጨት ገና ይሸታል፣ ግን ከራሴ በቀር የሚያሳልበት ሰው የለም። እሱ ሲመለስ ቤት ይሆናል ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

አንዲት ሴት ግን ትመጣለች። አዮ ከድጃ ይሏታል፤ አዮ በነሱ ቋንቋ እናት ማለት ነው። ለብዙነህ የተመራለት መሬት ከኛ በፊት የሷና የባሏ ነበር። የገባርነቱን ማር ይዛ ትመጣና ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ቁጭ ትላለች። ወደ ውስጥ ግቢ ብዬ ለመንኳት። ይህ ቤት የቆመው ከብቶቼ ይተኙበት በነበረው ላይ ነው አለችኝ። ቁጣ የለባትም፣ እንዲያው ነገረችኝ። አንድ ልጅዋ ጦሩ ሲገባ እንደሞተ ማሚቱ በጆሮዬ ነግራኛለች።

ልጅዎ ወለተኢየሱስ


አንኮበር፣ ታኅሣሥ ፳፯ ቀን ፲፰፻፹፮

ለልጄ ለወለተኢየሱስ። ጉልበቴ እንደ ባለቤቱ ሸምግሏል፣ ከዚህ በቀር ደኅና ነን። እናትሽ አጠገቤ ተቀምጣ ሰላምታዋን በመጀመሪያ ጻፍ ብላ ስላዘዘችኝ ይኸው በመጀመሪያ ጻፍኩ። ለባልሽ ጋቢ እየፈተለች ነው። ቁመቱን በልቧ ይዛዋለች፣ እንደዚያ ላለ ረጅም ሰው ደግሞ ጥጡም አይበቃ ስትል ሸማኔውን ከአሁኑ አስጨንቃዋለች።

የጎባ ሰው እህሉን ትቶ ጥያቄ ነው እንዴ የሚዘራው? ደስ ብሎኛል ግን። እዚህ ተማሪዎቼ ከዜማው ቀጥሎ የሚጠይቁኝ ምሳ መቼ ነው የሚለውን ብቻ ነው።

ለማሚቱ እንዲህ በያት። እንግሊዝ የተባለውን አገር ዛሬ የምትገዛው ሴት ናት፣ ዕድሜዋም ከእናትሽ ይበልጣል። ምስር ሳለሁ መልኳን በገንዘብ ላይ ታትሞ አይቻለሁ፤ አፍንጫዋ የቁጡ ሰው ነው። በጥንት ዘመን ምስርንም ሴቶች ገዝተዋታል። አንዲቱማ የወንድ ጢም ሰክታ በድንጋይ ተቀርጻለች ብለው ነግረውኛል፣ እኔ ግን ድንጋዩን አላየሁም። ያላየሁትን አየሁ ብዬ ለጎባ ሰው መዋሸት አልፈልግም።

ስለ ኖኅ ውሃ የጠየቀው ወታደር ብልህ ነው። ውሃው ተራሮችን ሁሉ ሸፍኗል ከተባለ ባቱም ተሸፍኗል። ነገር ግን ባቢሎን ባለበት አገርም እንዲህ ያለ የጥፋት ውሃ ወሬ ከድሮ ጀምሮ እንዳለ አንድ አርመናዊ አጫውቶኛል። ሕዝብ ሁሉ ውሃውን ያስታውሳል። መርከቡ የኛ ነበር የሚለው ግን እያንዳንዱ ነው።

ያቺን በደጅ የምትቀመጥ ሴት ግቢ እያልሽ አታስጨንቂያት። አንቺም ወጥተሽ ከድንጋዩ ላይ አብረሻት ተቀመጪ። እሷም ጥያቄ ካላት ላኪልኝ።

ብዙነህ ለጥምቀት ሲገባ ስለ እኔ ግንባሩን ሳሚልኝ፤ ለመሳም ድንጋይ ላይ መቆም ሊኖርብሽ ነው። ለፋሲካ እንጠብቃችኋለን።

አባትሽ ኃይለየሱስ


ጎባ፣ የካቲት ፲፪ ቀን ፲፰፻፹፮

ለአባቴ። ሰላምታዬ ይብዛ፣ የእናቴን እጅ ይሳሙልኝ። መልስዎ በጊዜው ደርሶኛል፣ ቶሎ ያልጻፍኩት በስንፍና አይደለም፣ ብዙነህን እየጠበቅሁ ነው። ገባ ብዬ ልጽፍልዎ ፈልጌ ቀን በቀን ሳሳድር ይኸው የካቲት ሆነ።

ጥምቀት አለፈ። ታቦቱ ጦጎና ወንዝ ወርዶ አደረ፣ ሴቱ ሁሉ ዘፈነ፣ እኔም ከነሱ ጋር ነበርኩ። ጦሩ በዋዜማው ነው የተመለሰው። የሄዱትን ያህል አልተመለሱም፤ ብዙነህም የለም። ገብረ መድኅንን ብጠይቀው አለቃው ቆላ ላይ የውሃ ጉድጓድ እንዲጠብቅ አስቀርቶት ነው አለኝ። በየነን ልጠይቅ ብዬ ነበር፣ እሱ ደግሞ ከመንገድ መልእክት ተሰጥቶት ወደ ሸዋ አልፏል። እናንተ ዘንድ ከመጣ ደግሞ አብሉት፣ አጠጡት፣ ወሬውንም ጻፉልኝ።

የሰፈራችንን ነገር ቢያዩ ግን ይስቁ ነበር። ከጥምቀት ወዲህ ሰዉ ዕውቀት ጠምቶታል። ቀድሞ እሑድ ብቻ ይመጡ ነበር፣ አሁን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ቤቴ ሰው አይጠፋም። ጥያቄ ጠይቆ የማያውቀው ሁሉ ይጠይቃል። ጠላ መጀመሪያ የጠመቀው ማነው? ሱሪ መጀመሪያ የሰፋውስ? ፀሐይ የማትጠልቅበት አገር አለ ወይ? ገብረ መድኅን እንኳ፣ ያ ጠመንጃዬ ተሰደበ ብሎ ያኮረፈው፣ ሮቤ ሜዳ ላይ ፈረሱን ሊያበላ ወርዶ ሳለ መንገዱን ትቶ መጣና ሮም የተባለው ከተማ በማን ተሠራ አለኝ። እስክመልስለት አልጠበቀም፤ እንጨቴን ፈልጦልኝ ሄደ። ማሚቱ ጥያቄዋን ጧት ትጠይቅና እስኪመሽ ትቀመጣለች። አባቴ፣ ጎባን ትምህርት ቤት አደረጓት እኮ።

አንድ ነገር ግን ይደንቀኛል። ወታደሮች ሆነው ስለ ጦርነት የሚጠይቅ የለም። የየትኛው ንጉሥ ጦር የት ድረስ ደረሰ ይሉኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እነሱ ግን ስለ ጠላና ስለ ሱሪ ነው የሚጨነቁት።

እንዳሉኝ ወጥቼ ከድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። አዮ ከድጃ መጀመሪያ ቦታ አልለቀቀችልኝም፣ በሌላ ቀን ግን ጠጋ አለች። ጥያቄዋ ይህ ነው። ፈረስ ላይ መጀመሪያ የወጣው ሰው ማነው?

ልጅዎ ወለተኢየሱስ


አንኮበር፣ መጋቢት ፳ ቀን ፲፰፻፹፮

ለልጄ ለወለተኢየሱስ። እንዴት ሰነበትሽ፣ ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ። ይህን ወረቀት ጀምሬ ብዙ ጊዜ ቀድጃለሁ። ብራና ቢሆን ኖሮ በኪሳራ እሞት ነበር።

በመጀመሪያ ለአዮ ከድጃ መልስ ልስጥ። ፈረስን ያለማመዱት ከሩቅ ከሰሜን፣ ከፋርስ ወዲያ፣ ዛፍ የሌለበት ሜዳ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው ይባላል። መጀመሪያ ወተቷን ያልቡ ነበር፣ በኋላ ሠረገላ አሳቡት፣ በመጨረሻ ነው ጀርባው ላይ የወጡት። የሰውዬውን ስም የሚያውቅ የለም። ስሙን ለማወቅ ስንት ሰው ወድቆ እንደተሰበረ መቁጠር ሳይኖርበት አይቀርም። ሰዎቹ ከብታቸውን ተከትለው ይዞራሉ፣ ቤታቸው ድንኳን ነው፣ ክረምታቸው ከባድ ነው፣ በክረምት ፈረሱ በረዶውን በሰኮናው እየቧጠጠ ሣር ያወጣል። ሌላም ሌላም አለ። ፈረስ በጥንት ምስር አልነበረም፣ ከውጭ መጥተው አገሩን የያዙ ሰዎች ናቸው ያስገቡት። ምን እንደምልሽ ጠፍቶኝ አይደለም ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ፤ ብትወጂው ብዬ ነው።

በየነ መጥቶ ነበር። እንዳልሽው በላ፣ ጠጣ። ደኅና ሰው ነው። ካንቺ ቤት ስለበላው ዶሮ ወጥ አመስግኖ ሄደ። ወዴት እንደሄደ አላውቅም።

እናትሽ ሰላም ብላሻለች። ፈትሉን ለጊዜው አቁማለች፣ ዓይኗን አሟት።

ልጄ፣ ነይ። የዋቤ ወንዝ ሳይሞላ ከነጋዴ ጋር ተነሺ። ቤቱን ማሚቱ ትጠብቅልሽ። የምነግርሽ ብዙ ነገር አለ፣ ለወረቀት የሚሆን ግን አይደለም። ለፋሲካ ብትደርሺ ደስ ይለናል፣ ባትደርሺም ከፋሲካ በኋላ ነይ። በምንም ምክንያት ክረምቱን እዚያ ብቻሽን እንዳትከርሚ።

አባትሽ ኃይለየሱስ


ጎባ፣ ግንቦት ፪ ቀን ፲፰፻፹፮

ለአባቴ ለአለቃ ኃይለየሱስ። እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ፋሲካን የዋልኩት እዚሁ ነው። አልመጣሁም፣ ይቅር ይበሉኝ። ነጋዴው በደጄ ሲያልፍ በቅሎ ጭኖልኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ያስወረድኩት። ብዙነህ መጥቶ ቤቱን ባዶ ቢያገኘው ምን ይላል? ቃሉን የሰጠኝ እኮ እዚህ ሆኖ ነው። ከዚህ ከተነሳሁ ቃሉን ያፈረስኩት እኔ ልሆን ነው።

ስለ ፈረሱ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፉልኝ። ጥሩ ገጾች ናቸው፣ ለሰፈሩ ሰው አንብቤላቸዋለሁ። በሁለቱ ገጽ ውስጥ ግን የብዙነህ ስም የለም። በፊት ያ ረጅሙ ሳይሉ ጽፈው አያውቁም። እናቴም እንደዚያ የጓጓችለትን ጋቢ አቆመች። በየነ እናንተ ቤት ተቀምጦ ስለ ዶሮ ወጡ አወራ፣ ስለ ጓደኛው ግን አንድ ነገር አላለም። አባቴ፣ አልጠይቅዎም። በወረቀት የምጠይቀው ነገር አይደለም፣ እርስዎም በወረቀት የሚመልሱልኝ አይደለም።

አዮ ከድጃም ስለ ፈረሱ ባሉት አልረካችም። የጠየቅሁት ሌላ ነበር አለች። ሰውየው ሲወድቅ ፈረሱ ብቻውን ወደ ቤት እንዲመለስ ያስተማረው ማነው ማለቷ ነው። ይህን ብላ ተነሥታ ሄደች፣ ማሯን እንኳ አላስረከበችም።

ሰዎቹ አሁንም ይመጣሉ። በፋሲካ ዕለት ማሚቱ ዓለም ስትፈጠር መጀመሪያ የተሠራው ከተማ የቱ ነው አለችኝ። እሷ ይህን ከዚህ በፊት ጠይቃኝ መልሼላታለሁ። ጥያቄያችሁ አላለቀም ወይ ብዬ እየሳቅሁ ብላት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። ከዚያ ወዲህ ነገራቸውን ልብ ብዬ ማየት ጀመርኩ። ተራ አላቸው፤ አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል። እኔ ስስቅ መሬት መሬት ያያሉ። መልሱን ደግሞ የሚሰማው የለም። ትናንት ለገብረ መድኅን ሮምን የሠራው አንበሳ ነው አልኩት። እግዜር ይስጥልኝ ብሎኝ ወጣ።

እስከ ዛሬ የሰው ጥያቄ ነው የላክሁልዎ፣ ይህ ግን የራሴ ነው። የፈርዖንን ሠራዊት ባሕር ሲያሰጥመው ከመካከላቸው የተረፈ አልነበረም ይባላል። ሚስቶቻቸው ምስር ሆነው ይጠብቃሉ። አንድም ካልተረፈ ማን ነገራቸው? ስንት ወር ቆዩ? እንጀራውን እየጋገሩ፣ ቤቱን እየጠረጉ፣ ዛሬ ይመጣል እያሉ የኖሩ ይኖራሉ? መጻሕፍቱን ያገላብጡልኝ። ሌላውን ሁሉ ይተዉት፣ የዚህን መልስ ብቻ ይላኩልኝ።

ልጅዎ ወለተኢየሱስ


ከዋቤ ወንዝ ዳር፣ ሰኔ ፩ ቀን ፲፰፻፹፮

ለልጄ ለወለተኢየሱስ። ደብዳቤሽን የተቀበልኩት አንኮበር ሆኜ አይደለም። መልእክተኛው ከናንተ በኩል ወረቀቱን በራሱ ላይ አስሮ እየዋኘ ሲሻገር፣ እኔ ከወዲህ ዳር ድንኳን ተክዬ ተቀምጬ ነበር። የአለቃ ኃይለየሱስ ናት ሲል እኔ ነኝ ብል አላምን ብሎኝ፣ ከውጭ የተጻፈውን አንብቤለት ነው የሰጠኝ።

ለምን እንደመጣሁ አትጠይቂኝ። ከፋሲካ በኋላ በቅሎዬን ጭኜ ተነሣሁ፣ አርሲን አቋረጥኩ፣ እዚህ ደረስኩ፣ ውሃው ቀደመኝ። በጣም ሞልቷል። የሚዋኙት ይሻገራሉ፣ እኔ ግን በደኅናው ዘመኔም ዋና አላውቅም። ጉልበቴ አብጦ ከድንኳኑ እስከ ወንዙ ለመውረድ እንኳ ሰው ይደግፈኛል። ማዶውን አያለሁ። ያንቺ አገር ነው። ጧት ጧት ጢስ ይታየኛል፣ የማን ቤት እንደሆነ ባላውቅም እመርቀዋለሁ።

ጥያቄሽን አነበብኩት። መጻሕፍቴ ከኔ ጋር የሉም፣ ግን ቢኖሩም አይጠቅሙም ነበር። ሠረገላው ስንት እንደነበር ተጽፏል፣ ነፋሱ ከየት እንደነፈሰ ተጽፏል፣ የዳኑት የዘፈኑት ዘፈን ተጽፏል። ስለ ሚስቶቹ የጻፈ የለም። ምስር ሳለሁ ያን ባሕር አይቼዋለሁ፣ ብዙ ነገርም ስለ እሱ ጠይቄ ነበር። ይህን ግን መጠየቅ አልመጣልኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምረው ኖሬ ሚስቶች እንዳሏቸው ያሰብኩት ያንቺን ወረቀት ይዤ እዚህ ድንጋይ ላይ ስቀመጥ ነው። አለቀስኩ፣ ልጄ። ለፈርዖን ሰዎች አይደለም።

በኛ ዘንድ ግን ወጉን ታውቂዋለሽ። እንዲህ ያለ ነገር አይጻፍም። ጎህ ሲቀድ ዘመድ ተሰብስቦ ይገባል፣ የሚይዝሽ ሰው በቀኝሽ፣ የሚይዝሽ ሰው በግራሽ ይሆናል፣ ከዚያ ነው ቃል የሚወጣው። ዘመድ በሌለበት ማንም አፉን አይከፍትም። ጎረቤቶችሽን አትውቀሻቸው፤ እነሱ መብቱ የላቸውም፣ መብቱ ያለኝ እኔ ደግሞ ውሃ ከልክሎኛል።

ስለዚህ እዚያ ዘመድ ይኑርሽ። በአገራችን ዘመድ የሌለው ሰው የጡት ልጅ ይሆናል፤ ሴቲቱ አውራ ጣቷን ማር ታስነካና ታጠባዋለች፣ ከዚያ ወዲያ እንደወለደችው ነው። ማሚቱ ደግ ሴት ትመስለኛለች። እኔ አባትሽ ፈቅጃለሁ።

ጋቢው ተሠርቶ አልቋል። መልእክተኛው በራሱ ተሸክሞ ያሻግርልሽ። ከቁመትሽ ይረዝማል፤ አጥፈሽ ልበሽው።

አባትሽ ኃይለየሱስ


ጎባ፣ ሰኔ ፳፱ ቀን ፲፰፻፹፮

ለአባቴ ለአለቃ ኃይለየሱስ። ከዚያ ከወንዝ ዳር ተነሥተው ወደ አንኮበር ተመልሰው ይህ ወረቀት እሳት ዳር ያግኝዎ። ካልተመለሱ አሁን ይመለሱ። የመጡበት ነገር ተፈጽሟል።

ጋቢውና ደብዳቤው በአንድ ቀን ደረሱኝ። ጋቢውን ዘረጋሁት። ለማን ቁመት እንደተፈተለ እያወቅሁ ለእኔ ነው የተባልኩትን ነገር ምን ላድርገው? ደብዳቤውን እንደ ልማዴ ለተሰበሰበው ሰው ጮክ ብዬ ማንበብ ጀምሬ ነበር። ከፈርዖን ሠራዊት አልፌ፣ የጡት ልጁንና የማሩን ወግ አንብቤ የማሚቱ ስም ላይ ስደርስ አቆምኩ። አጠፍኩት። አዮ ከድጃ እንደ ወትሮዋ ከደጃፉ ተቀምጣ ነበር።

ያዘዙኝን አላደረግሁም። ወደ ማሚቱ ሄጄ እናት ሁኚኝ አላልኳትም። ዘመድ ከፈለግሁ መርዶውን በገዛ እጄ ጎትቼ ማምጣቴ ነው ብዬ ፈራሁ። እስካልተነገረኝ ድረስ ብዙነህ ቆላ ላይ ጉድጓዱን እየጠበቀ ነው። በሬን ዘጋሁ። ጥያቄ ይዘው ለሚመጡት አልተሻለኝም አልኳቸው፤ በሚቀጥለው እሑድ ማንም አልመጣም። አባቴ፣ ያን ቀን ያህል ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። አንድ ሰው መጥቶ ስለ ሱሪ በጠየቀኝ ብዬ ተመኘሁ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከውጭ የሴቶች ድምፅ ሰማሁ። ስከፍት ጉሙ ውስጥ ቆመዋል። አዮ ከድጃ ከፊት ናት፣ የሰፈሯ ሴቶች ከኋላዋ፣ ሁሉም ሲንቄያቸውን ይዘዋል። ሲንቄ ያገቡ ሴቶቻቸው የሚይዙት ቀጭን በትር ነው፣ ለከባድ ነገር ካልሆነ ተሰብስበው ይዘውት አይወጡም። ማሚቱና ገብረ መድኅን ከአጥሩ ውጭ ቆመው ነበር። እነሱ አልገቡም።

አዮ ከድጃ በሩን አልፋ ገባች። ያን መድረክ ስታልፍ የመጀመሪያዋ ነው። ከማሯ በአውራ ጣቷ ነካ አድርጋ ወደ አፌ አመጣችው፣ እኔም እንደ ሕፃን ተቀበልኩ። ሁለት ሴቶች በቀኝና በግራ ያዙኝ። ያን ጊዜ ነው ኢንተላ ኮ ያለችኝ፤ ልጄ ማለት ነው።

“ኢንተላ ኮ፣ አባትሽን ውሃ ይዞታል። ዛሬ እናትሽ እኔ ነኝ። ብዙነህ ሞቷል።”

እንዴት እንደሆነ አልጠየቅሁም፣ አሁንም አልጠይቅም። ከገና በፊት መሆኑን ብቻ ነግረውኛል። እኔ በጥምቀት ስዘፍን እሱ አልነበረም ማለት ነው። ይህን ማሰብ ከሁሉም ይከብደኛል።

ማሚቱ በኋላ ገብታ ሁሉንም አጫወተችኝ። ጦሩ ሲመለስ ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር። ዘመድ ስለሌለኝ እርስዎ እስኪመጡ ማንም እንዳይተነፍስ ተባባሉ። ብቻዬን ደግሞ መተው አልሆነላቸውም። ያለ ምክንያት ቤቴ ቢመላለሱ እጠረጥር ነበር፤ ስለዚህ ጥያቄ ይዘው ይመጡ ነበር። ጥያቄ ሲያልቅባቸው እየተበዳደሩ ነው የሚገቡት። ገብረ መድኅን ሮምን ማን ቢሠራት ደንታው አይደለም። እንጨት ሊፈልጥልኝ ነበር የመጣው። እኔ ጎባ ዕውቀት ተጠማች እያልኩ ስጽፍልዎ የነበረው ይህንን ነው።

ልቅሶው በረድ ሲል አዮ ከድጃ አጠገቤ መደብ ላይ ተቀምጣ ነበር። በልቤ የነበረውን አወጣሁት። ልጅሽን የገደሉት የኛ ሰዎች ናቸው፣ ለምን መጣሽ አልኳት።

“ለኔ መርዶ የነገረኝ ፈረሱ ነው” አለች። “ኮርቻውን እንደተጫነ ብቻውን ገባ። ፈረስ ደግሞ አያቅፍም።”

እኔን ይቅር አለች ብዬ አልጽፍልዎም፣ አላለችም። ቤቱም የቆመበት ቦታ ያው ነው። የእስላም ሴት የጡት ልጅ መሆኔን ቄሶቹ ሲሰሙ ምን እንደሚሉ አላውቅም፣ እርስዎ ግን እንደማይቆጡ ይሰማኛል። የብዙነህን ተዝካር እዚሁ አውጥቼ መስከረም ላይ ውሃው ሲጎድል እመጣለሁ። እስከ ዋቤ ድረስ እሷ ትሸኘኛለች። ጋቢውን አሁን ሁለታችን ነን የምንለብሰው፣ ለሁለት ሰው ይበቃል። ለእናቴ ይህን ይንገሯት።

ሰዎቹ ትናንት እንደገና መጡ። የሚጠይቁት አልነበራቸውም፣ ዝም ብለው ተቀመጡ። ደኅና ነበር።

የፈርዖን ሠራዊት ሚስቶችን ነገር አሁን ያገኘሁት ይመስለኛል። ወንዶቹ ሁሉ ካለቁ ነጋሪው ከነሱ ወገን ሊሆን አይችልም። ፈርዖን የእስራኤልን ወንዶች ሕፃናት ወንዝ ያስጥል እንደነበር እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። እንግዲህ ሌሎቹ ከባሕሩ ማዶ ቆመው ሲዘፍኑ፣ ልጇን ወንዝ የበላባት አንዲት አሮጊት ዘፈኑን ትታ፣ እነዚያን ሴቶች ማን ሊነግራቸው ነው ብላ ወደ ምስር የተመለሰች ይመስለኛል። ባሕሩን እንዴት እንደተሻገረች ግን አይጠይቁኝ።

ልጅዎ፣ የአዮ ከድጃም ልጅ
ወለተኢየሱስ